ያልታወቀ ስም

የበረራ ዕቅድ ወደ ኤክስ-ፕሌን 12 አልገባ ሲል ብዙዎች ፕሮግራሙን አጥፍተው እንደገና ይጭናሉ። እኔ ግን አስቀድሞ ፋይሉ ይነበብ ባይ ነኝ። ተራ ጽሑፍ ነውና በኖትፓድ ይከፈታል፤ በራስጌው የመረጃው ዙር፣ ከሥሩ በየስንኙ የነጥቡ ስም፣ ከፍታው፣ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ሰፍረዋል።

የበረራ መረጃ በየ28 ቀኑ ይታደሳል። ለአፍ እንዲመቹ የተፈጠሩት ባለ አምስት ፊደል የሰማይ ነጥቦች (ገጣሚ ያወጣቸው ይመስላሉ) አንዳንዶቹ ይሻራሉ፣ ሌሎች ይወለዳሉ። ዕቅዱ በአዲሱ ዙር ተጽፎ የቤታችን ሰማይ አሮጌ ከሆነ፣ ከቦሌ ተነሥተን የምንጠራውን ስም የሚያውቅ አይገኝም። መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ዙር ማዋል ነው።

ዕቅድን ያለ ማብራሪያ የሚጥል ፕሮግራም ግን ያናድደኛል። እኛ በባንክ መስኮት ቅጽ ስንመልስ የጎደለውን አሃዝ በጣታችን እናሳያለን፤ «ይህን ስም አላውቀውም» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?