ታንኩ ይሙላ፣ ቁጥሩ ይጻፍ

የፒክአፕ ሾፌሮች፣ የስምሪት ሠራተኞች፣ ባለንብረቶች፣ መካኒኮች! ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

«መኪናህ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያጣም። አንዱ አሥር ይላል፣ ሌላው አሥራ ሁለት፤ ደፈር ያለው አሥራ አራት ያደርሰዋል። «ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?» ሲባል ግን አንዱ ከሻጩ ሰምቶ፣ ሌላው ከፋብሪካው ወረቀት አንብቦ፣ ሦስተኛው ከጓደኛው ተቀብሎ ነው። ታንኩን ሞልቶ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጽፎ፣ እንደገና ሞልቶ ያካፈለ ሰው ከመቶ አንድ ብታገኙ ዕድለኞች ናችሁ። እኔም ለዓመታት ከዘጠና ዘጠኙ አንዱ ነበርኩ፤ በዚህም የሰው ደመወዝ አስቆርጫለሁ።

ስምሪት ክፍል በምሠራበት ጊዜ ነው። ለአንዲት ባለቱርቦ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ቢሮው የተመነላት በሊትር አሥር ኪሎ ሜትር ነበር። ማን እንደተመነው የሚያውቅ የለም፤ እኔ ስቀጠር ቅጹ ላይ ተጽፎ ጠበቀኝ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሾፌር ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ደርሰው ሲመለሱ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ሄደው 78 ሊትር ናፍጣ አስመዘገቡ። በቅጹ ስሌት የሚገባቸው 60 ነበር። 18 ሊትር ጎደለ። ብዕሬን አንስቼ «የነዳጅ ጉድለት» ብዬ ማስታወሻ ጻፍኩ፤ ሒሳቡ ከደመወዛቸው ተቆረጠ። ሰውዬው አልተከራከሩኝም። «ልጄ፣ አንድ ቀን አብረኸኝ ሂድ» ብቻ አሉኝ።

ከወራት በኋላ አብሬያቸው ሄድኩ። ከኋላ ስምንት መቶ ኪሎ የሚሆን የውኃ ቧንቧ ዕቃ ተጭኗል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ዳሽቦርዱ ላይ የወቅቱን የነዳጅ ፍጆታ የሚያሳየው መስመር ወደ ምንም ወረደ። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ግን ያው መስመር እስከ ጫፍ ተወጠረ። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል፤ ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ ተከተሉት። ባገኙት ክፍተት ለመቅደም ነዳጅ ሲረግጡ ቱርቦው አፏጨ፣ መኪናዋም ተስፈነጠረች። «ይኸውልህ» አሉኝ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፤ «መኪናም እንደ ሰው ናት፤ ሜዳ ላይ አያልባትም።»

ቢሮ ተመልሼ አሰላሁት። ከነጭነቱና ከነሰዉ ሦስት ቶን የሚጠጋን መኪና ከድልድዩ እስከ ደጀን 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ማንሳት በራሱ፣ የሞተሩ ብክነት ሲታሰብ፣ ቢያንስ ሦስት ሊትር ናፍጣ ይጠይቃል። ሃያ ኪሎ ሜትር ለሚሆነው ለዚያ ዳገት የእኔ ቅጽ የፈቀደው በጠቅላላው ሁለት ሊትር ነበር። ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም። ጋሼ ናፍጣ አልሰረቁም። የሰረቀው ሳይለካ የተጻፈው የእኔ ቅጽ ነው።

እዚህ ላይ ቱርቦን ራሱን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርሱ ነውና። ቱርቦ በጭስ ማውጫው የሚወጣውን ትኩስ ጭስ ተጠቅሞ የሚሽከረከር ተርባይን ነው፤ በሌላው ጫፉ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይበልጥ የሚጥመው ታሪክ ግን የ1918ቱ ነው። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ ወደተባለው፣ ከባሕር ጠለል 4,300 ሜትር ወደሚርቀው ተራራ ወሰደ። ባሕር ጠለል ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቱርቦ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። አሮጌው ቱርቦ አልባ ናፍጣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያጣጥር ባለቱርቦው ጥሎት የሚሄደው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ቱርቦ አየር እንጂ ነዳጅ አይፈጥርም። አየር በጨመረ ቁጥር ሞተሩ የሚረጨው ናፍጣም ይጨምራል። መኪናዋ ባዶ ስትሆን፣ መንገዱ ሜዳ ሲሆን፣ እግርም ሲለዝብ ቱርቦ የተገጠመለት ትንሽ ሞተር እንደ ትንሽነቱ ይቆጥባል። ጭነት፣ ዳገትና ችኮላ ሲመጡ ያው ትንሽ ሞተር እንደ ትልቅ ሞተር ይጠጣል። ስለዚህ አንዲት መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ በሊትር አሥራ ሦስትም ሰባትም ልትሄድ ትችላለች፤ ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። ሐሰቱ አንዱን ነጥሎ በየመንገዱ ሁሉ «ልኩ ይኸው» ማለት ነው።

የፋብሪካው ወረቀት ታዲያ የትኛውን ይነግረናል? ለስላሳውን። መኪናዋ የምትፈተነው አዳራሽ ውስጥ፣ ሮለር ላይ ቆማ ነው። የአሜሪካ መንግሥት መሠረታዊ የአውራ ጎዳና ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 77 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ97 አያልፍም። እዚያ ዓባይ በረሃ የለም፤ ፒስታ የለም፤ ፖርቶ መጋላ ላይ የታሰረ ፍራሽም የለም። የአሜሪካኖቹ ፎርድ ኤፍ 150 ባለቱርቦ 3.5 ሊትር ሞተር ይዞ ለእ.ኤ.አ. 2011 ሞዴል ሲወጣ ወረቀቱ ከከተማ ውጭ በጋሎን 22 ማይል ይል ነበር፤ በእኛ ስሌት በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከምናምን። ለከተማ የተሰጠው 16 ማይል ግን በሊትር ሰባት እንኳ አይሞላም። ወረቀቱ ራሱ ሁለት ቁጥር እየሰጠ እኛ አንዱን ይዘን ሰው እንቀጣለን!

«ታዲያ እኛ ምን አቅም አለን?» የሚል ይኖራል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። አሜሪካ ውስጥ የሃዩንዳይ መኪና የገዙ ሰዎች «የተነገረን ቁጥርና የምናገኘው አልተገናኘም» ብለው አቤቱታ አቀረቡ። የሀገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መኪኖቹን ደግሞ ሲፈትን ቁጥሩ ተጋንኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ሃዩንዳይና ኪያ ስህተቱን አምነው ቁጥሩን ዝቅ አደረጉ፤ በ2014 ደግሞ 100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚትሱቢሺ የነዳጅ ፍጆታ መረጃ ማጭበርበሩን ያመነው ኒሳን በራሱ በኩል ለክቶ ልዩነት ካገኘ በኋላ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽንም በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ አዳዲስ መኪኖች፣ ከራሳቸው ከመኪኖቹ የተሰበሰበ መረጃ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገለጸው፣ ቤንዚንና ናፍጣ መኪኖች መንገድ ላይ የሚያቃጥሉት ከወረቀቱ በ20 በመቶ ያህል ይበልጣል። የአንድ ሰው የነዳጅ ደብተር ወሬ ነው ይባላል። የሺህ ሰው ደብተር ሲደመር ግን ማስረጃ ይሆናል።

የእኛን ዳገት ደግሞ ሌላ ማንም አይለካልንም። የምናቃጥለው ናፍጣ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ስለጀመረ በየሊትሩ የሚባክነው የሚወጣው ከራሳችን ኪስ ነው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ቢያስታውቅም፣ አሁን በሀገሪቱ ያሉት ፒክአፖች ገና ለብዙ ዓመት ክትባት፣ ዘር፣ ሲሚንቶና ሰው ያመላልሳሉ።

ስለዚህ ተነሡ! ከሚቀጥለው ሙሌት እንጀምር።

ሾፌሮች! ማደያ ስትደርሱ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቁሙ፣ መቅጃው በራሱ እስኪቆም አስሞሉ፣ ቆጣሪውን ጻፉ። ነዳጅ በስልክ መክፈል ከጀመርንበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ቀኑና ብሩ እጃችሁ ላይ ነው፤ የሚጎድለው የሊትሩና የቆጣሪው ቁጥር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜም በዚያው ማደያ እንዲሁ አስሞሉ። ቆጣሪው 48,210 የነበረው 48,683 ከሆነና 52.6 ሊትር ከገባ፣ የተሄደው 473 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲካፈል በሊትር ዘጠኝ ይመጣል። በአንድ ሙሌት አትፍረዱ፤ ሦስት ተከታታይ ሙሌት ያዙ። ደብተሩ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ ቆጣሪ፣ ሊትር፣ መንገድ፣ ጭነት። መንገድና ጭነት ካልተጻፈ ቁጥሩ ዲዳ ነው።

እግራችሁንም ታዘቡ። ፍጥነት ከ100 ወደ 120 ሲያድግ የአየሩ ግፊት በ44 በመቶ ይጨምራል፤ አዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የምትቆጥቡት ደቂቃ በናፍጣ ይከፈላል። ቁልቁለት በፎሌ መልቀቅ ቁጠባ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ በማርሽ የምትወርድ የዘመኑ ናፍጣ መኪና ነዳጁን ጨርሳ ትዘጋለች፣ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መርጨቷን ትቀጥላለች፤ ፍሬኑም ይጋያል። አለቃ ስብሰባ ላይ ሳሉ ሞተር አስነሥቶ በኤሲ መጠበቅም እንደ መኪናው በሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ይወስዳል።

መካኒኮች! «መኪናዬ ነዳጅ አበዛች» የሚል ሲመጣ ኢንጀክተር ከመፍታታችሁ በፊት ከቀላሉ ጀምሩ። በፒስታ አቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ነፋሱ የጎደለ ጎማ፣ ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄድ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ። ያ ቱቦ ሲተነፍስ መኪናዋ ትደክማለች፤ ሾፌሩ አብዝቶ ይረግጣል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ናፍጣው ያልቃል። ከጥገናው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ከደብተሩ ጠይቁ፤ የሙያችሁ ምስክር እርሱ ነው።

የስምሪት ባልደረቦቼ! አንድ መኪና አንድ ቁጥር የሚለውን ቅጽ ቅደዱት። የሜዳው፣ የዳገቱ፣ የከተማው፣ የጭነቱ ልክ ለየብቻ ይውጣ፤ ያም በሦስት ሙሌት ከተለካ በኋላ፣ ሾፌሩ ባለበት። ውጤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሳይለካ የማንም ደመወዝ አይቆረጥ!

ከመካከላችን ናፍጣ ቀድቶ የሚሸጥ የለም አልልም፤ አለ። እርሱ የሚደበቀው ግን በሐሰተኛው ቁጥር ጥላ ሥር ነው። እውነተኛው ልክ ሲታወቅ ሌባው ይገለጣል፣ ታማኙም ቀና ብሎ ይሄዳል። ሳንለካ ስንቀር ሁለቱን አንድ ላይ እንፈርጃለን።

ባለንብረቶችና የሾፌር ማኅበራት! ደብተሮቹን ሰብስቡ። በዚህ መንገድ፣ በዚህ ጭነት፣ ይህች ሞዴል ይህን ያህል ሄደች የሚል አንድ ሰንጠረዥ አውጡ፤ መኪና የሚገዛ ሁሉ ከሻጩ ወረቀት በፊት እርሱን ይየው። ተሰልፋችሁ በቆማችሁበት ማደያ፣ ሻይ በምትጠጡበት መናኸሪያ ቁጥር ተለዋወጡ። ወሬያችን «ትጠጣለች» «አትጠጣም» ከሚለው ወጥቶ በቁጥር ይሁን።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ያ ማስታወሻ ግን እስከ ዛሬ ፋይል ውስጥ አለ፤ ፊርማው የእኔ ነው፣ 18 ሊትሩም የተቆረጠው ከእርሳቸው ነው። እኔ ሳልለካ ጻፍኩ። እናንተ ለክታችሁ ጻፉ።