ሦስቱ ነጫጭ ሳቢሳዎች

በቢስቲማ ዙሪያ ገበሬ ሲያርስ ነጫጭ ወፎች በሬዎቹን ይከተላሉ። በአርዲቦና በሐይቅ ውሃ ዳርም ነጫጭ ወፎች ቆመው ይታያሉ። ብዙ ሰው፣ «ሁሉም ሳቢሳ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» ይላል። ልዩነትማ አለው!

ፊደል ስንቆጥር «ለ»ን ከ«ሉ» የለየነው በጎን ባለችው ትንሽ ጭረት ነው። ወፎቹም የሚለዩት እንዲሁ በትንሽ ምልክት ነው። እስቲ መንቁራቸውንና እግራቸውን እንይ።

አንደኛው የከብት ሳቢሳ ነው። ቁመቱ አጭር፣ አንገቱም አጠር ያለ ነው። መንቁሩ አጭርና ቢጫ ነው። በመራቢያው ወቅት አናቱ፣ ደረቱና ጀርባው ወደ ብርቱካን ቀለም ያደላል።

ሁለተኛው ትንሹ ሳቢሳ ነው። ሰውነቱ ቀጭን ነው። መንቁሩም እግሩም ጥቁር ነው፤ ጣቶቹ ግን ቢጫ ናቸው። ጭቃ ውስጥ ከቆመ ጣቶቹ አይታዩም። ያን ጊዜ መንቁሩን ማየት ነው።

ሦስተኛው ትልቁ ሳቢሳ ነው። ከሁሉም ይረዝማል። ረጅም አንገቱ መሐል ላይ ይቆለመማል። እግሩ እስከ ጣቱ ጥቁር ነው። መንቁሩ ቢጫ ነው፤ በመራቢያው ወቅት ግን ይጠቁራል። ስለዚህ እርሱን በቁመቱና በጣቶቹ እንለየዋለን።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? በሬ ሲራመድ ፌንጣ ከሣሩ ይዘላል። የከብት ሳቢሳ ያን ፌንጣ ይለቅማል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ በወሎ ብዙ ማሽላና ጤፍ አጥፍቷል። እንዲህ ያለውን መንጋ ወፍ ብቻውን አይመልሰውም። የየዕለቱን ፌንጣ ግን ያለ ደመወዝ ይለቅምልናል።

ትንሹና ትልቁ ሳቢሳ ውሃ ውስጥ ዓሣና እንቁራሪት ያድናሉ። «ዓሣችንን ጨረሰብን» ብሎ በነጭ ወፍ ሁሉ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ሰው፣ የገበሬውን ረዳት ሊገድል ይችላል። ዓሣ አዳኞቹም ቢሆኑ ጠላት አይደሉም። እነርሱ ከውሃ ዳር ሲሰበሰቡ ውሃው ሕይወት እንዳለው እናውቃለን።

ልጆች ወንጭፍ ሲያነሱ ይህን አንብቡላቸው።

ጥያቄ፦
1. ጥቁር እግርና ቢጫ ጣት ያለው የትኛው ነው?
2. የከብት ሳቢሳ በሬ የሚከተለው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ማሳ የትኛው ይታያል?