ስለ ኮሶና ስለ እንዶድ፤ የአገር መድኃኒት ዕፅዋትን ስለ መጠበቅና ስለ መመርመር

የአገር መድኃኒት ነገር በተነሣ ጊዜ ከሹማምንት መካከል ሁለት ዐይነት ሐሳብ ይሰማል። አንደኛው ወገን ሥርና ቅጠል መፈለግ ያለፈ ዘመን ሥራ ነው፤ ጤና ጣቢያ በተከፈተበት ወረዳ ከእንግዲህ አያስፈልግም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አባቶች የተፈወሱበት፣ ከምድርም የበቀለ ስለ ሆነ ሰውን ሊጎዳ አይችልም ብሎ ያለ ልክ ያመሰግነዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም በንግግር ብቻ የሚቀር አይደለም። ዛፉ ዋጋ የለውም ያለው ሹም ሲቆረጥ እያየ ዝም ይላል፤ ጉዳት የለበትም ያለውም ሰው ሲመረዝ እያየ ዝም ይላል።

ይህን ለመረዳት ከብዙዎቹ ዕፅዋት መካከል ኮሶንና እንዶድን አንሥቶ መመልከት ይበቃል። ሁለቱም በባላገሩ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም በአገር ውስጥና በውጭ አገር ሊቃውንት ተመርምረዋል፤ በሁለቱም ውስጥ እውነተኛ ኀይልና እውነተኛ መርዝ በአንድነት ይገኛል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ወንዱና ሴቱ በየዛፉ የተለያዩ ሲሆኑ፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው የሴቲቱ ዛፍ አበባ ነው። አበባው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከሥራው ያርፋል፤ እንግዳም አይቀበልም፤ ይህም በመኳንንት ቤት ሆነ በገበሬ ጎጆ የተከበረ ልማድ ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ዛፍ ጽፎአል። ከዚያም በኋላ ብራዬር የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም በቍስጥንጥንያ ሳለ የአበባውን ኀይል አይቶ ለፓሪስ ሊቃውንት አስታወቀ። በ19ኛው መቶ ዓመትም ኮሶ በአውሮፓ መንግሥታት የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ተመዘገበ። ነገር ግን በረጅም መንገድ የተጓዘና ያረጀ አበባ ኀይሉን ስለሚያጣ፣ በአውሮፓ ያሉ ሐኪሞች አንድ ጊዜ ያመሰገኑትን በሌላ ጊዜ ይነቅፉት ነበር። የአገሩ ሰው ግን አዲሱን አበባ ከአሮጌው፣ የሴቲቱንም ከወንዱ ለይቶ ማወቅ ከመጀመሪያው የተማረው ነው።

እንግዲህ ኮሶ የኮሶን ትል ያወጣል መባሉ ተረት አይደለም፤ በአበባው ውስጥ ትሉን የሚያዳክም ቅመም መኖሩ በኬሚስቶች ተረጋግጦአል። ነገር ግን ያው ቅመም መጠኑ ሲያልፍ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ፅንስን ያጨናግፋል፤ ዐይንን እስከ ማጥፋት የሚያደርስ ጉዳት ማስከተሉንም ሐኪሞች ጽፈዋል። በእፍኝና በዋንጫ የሚሰፈር መድኃኒት ለጠንካራው ጎልማሳ መጠነኛ ሲሆን፣ ለደካማው ከልክ ያለፈ ይሆናል። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንተል የሚባሉት እንክብሎች ያንኑ ትል በተመጠነ ክብደት ስለሚያስወግዱት፣ ጤና ጣቢያ ባለበት ስፍራ ሹማምንት ሕዝቡን ኮሶ ጠጣ ብለው የሚመክሩበት ምክንያት የለም።

በዚህ ነገር የግብርና ሹማምንት ድርሻ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይዘነጋል። ይህ ትል ጥሬ ሥጋ ከመብላት እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ትሉ ወደ ከብቱ የሚገባው ግን ከሰው መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቍላል በሣሩ ላይ ይበተናል፤ ከብቱም ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ በሥጋውም ውስጥ ይቀመጣል። ኮሶ ጠጥቶ ትሉን በግጦሽ ሜዳ የጣለ ሰው ራሱን ፈውሶ የጎረቤቱን በሬ አስታመመ ማለት ነው። ስለዚህ በወረዳው የኮሶ ትል እንዲቀንስ የሚሻ ሹም አስቀድሞ የሚጠይቀው የመጸዳጃ ጕድጓድ መኖሩንና የታረደው ከብት ሥጋ በእንስሳት ሐኪም መታየቱን ነው።

የእንዶድ ታሪክ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። እንዶድ የሚሳብ ቍጥቋጦ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ስለሚያወጣ፣ እናቶች ሸማ ሲያጥቡበት ኖረዋል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለመመርመር ወደ አድዋ በሄዱ ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጦች ተከማችተው አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን ትል ተሸክሞ ወደ ውሃው የሚለቅ ፍጥረት ነው። ዶክተር አክሊሉም ከላይኛው ወንዝ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጦች አምጥተው፣ ከአጣቢዎቹ አንዲቱ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ፤ ቀንድ አውጦቹም ሞቱ። ትልቁ ምርመራ የተጀመረው በዚህ ቀላል ፈተና ነው። ብዙ ሰው ያንን ወንዝ ተሻግሮአል፤ ቆሞ የጠየቀ ግን አንድ ሰው ነበር።

ከ1969 ጀምሮ በአድዋ ለአምስት ዓመት ያህል እንዶድ በወንዞቹ ውስጥ እየተጨመረ ውጤቱ ተመረመረ። አስቀድሞ ከመቶው 63 እጅ የነበረው የበሽታው ብዛት ወደ 33 እጅ ዝቅ አለ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶው 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ። የሕፃናቱ ቍጥር ይልቁንም ሊታሰብበት ይገባል፤ ዐዋቂው አስቀድሞ ትሉን በሰውነቱ ይዞ የኖረ ስለ ሆነ ወንዙ ቢጸዳም በሽታው ከእርሱ ቶሎ አይጠፋም፤ አዲስ የተወለደው ሕፃን ግን ወንዙ መጽዳቱንና አለመጽዳቱን በራሱ ጤና ያሳያል። እንደዚህ ያለው በቍጥር የተመዘነ ማስረጃ ከብዙ ምስጋና ይበልጣል።

የእርሻ ሊቁ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ ስፍራ የእንዶድ ዝርያ ሰብስበው፣ በአንድነት ተክለው አወዳደሩ፤ በፍሬው ብዛትና በኀይሉ የሚበልጠውንም መርጠው ዐይነት 44 የሚባለውን ለዩ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 በስዊድን አገር የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። እዚህ ላይ ሹማምንት ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በየአጥሩ የሚበቅለው እንዶድ ሁሉ ስሙ አንድ ቢሆንም ኀይሉ አንድ አይደለም፤ ፍሬውም ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ሲለቀም ይበረታል። ስለዚህ እንዶድ ተሞክሮ አልሠራም የሚል ሪፖርት በቀረበ ጊዜ፣ የትኛው ዝርያ እንደ ሆነና በምን ወር እንደ ተለቀመ ሳይጠየቅ መቀበል አይገባም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእንዶድ ሥራ ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። የውጭ አገር ማኅበራት ስለ መርዛማነቱ በእነርሱ ሥርዐት የተደረገ ምርመራ እስኪቀርብ ድረስ ገንዘብ ለመስጠት ዘገዩ። ጥንቃቄያቸው በራሱ ነውር አልነበረበትም፤ ወንዙን ሰውም ከብትም ይጠጣዋልና። የሚያሳዝነው ጥያቄው ከተነሣ በኋላ መልሱ በቶሎ አለመፈለጉ ነው፤ በመካከሉም ፕራዚኳንተል ወጥቶ የሕክምናውን ሥራ ያዘ። በአሜሪካ ደግሞ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ምርመራ፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑትን ባለ ዛጎል ፍጥረቶች እንደሚገድል ታውቆ የባለቤትነት መብት ወጣበት። የተክሉን ጠባይ ለዘመናት ያወቁት አጣቢ እናቶች በዚያ መዝገብ የሉበትም።

ስለ እንዶድ መርዛማነትም በግልጥ መናገር ያስፈልጋል። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ኀይል ዓሣንም ይገድላል፤ ምንም እንኳ በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀን ቢፈርስ፣ ዓሣ በሚጠመድበት ኩሬ ያለ ባለሙያ ሊጨመር አይገባም። ከዚህም የከፋው ሰው ለሆዱ ሲጠጣው ነው። ፅንስ ለማስወረድ፣ ለጨብጥም ብለው እንዶድ ጠጥተው የሞቱ አሉ። ያበደ ውሻ የነከሰውን ሰው በእንዶድ ማከም በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ የውሻ በሽታ ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና አጥቦ ክትባት ወደሚገኝበት ሊሄድ ሲገባው፣ በቤቱ እንዶድ እየጠጣ የሚያሳልፈው ቀን ሕይወቱን ያሳጣዋል። በዚህ ነገር የአገር ልማድን አከብራለሁ ብሎ ዝም የሚል ሹም በደለኛ ነው።

የዝግጅቱ አኳኋን ሳይታወቅ የተክሉን ስም ብቻ ማወቅ ምን ያህል እንደማይረባ የቻይና አገር ታሪክ ያስረዳል። ቱ ዩዩ የምትባል ሊቅ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ አንድ የታወቀ የአርጢ ዐይነት አፍልታ ሞከረች፤ ሥራዋም ተሰናከለባት። በኋላ በ4ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ስታነብ፣ ተክሉ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ይጨመቅ እንጂ ይፈላ እንደማይል አየች። እሳት ኀይሉን እንደሚያጠፋው ተገንዝባ ያለ ብርቱ ሙቀት ባወጣችው ጊዜ መድኃኒቱ ተገኘ፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ሆኖም ያንኑ ቅጠል እንደ ሻይ እያፈሉ ወባን ለማከም መጠጣት በዓለም ጤና ድርጅት ዘንድ አይደገፍም፤ መጠኑ ያልታወቀ ነውና።

በኢትዮጵያም የዝግጅቱን ምሥጢር የያዙ የመድኃኒት መጻሕፍት በግእዝና በአማርኛ ተጽፈው በየገዳሙና በየሊቃውንቱ ቤት ይገኛሉ። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ከእነዚህ አንዳንዶቹን ከ1968 ጀምሮ አሳትሞአቸዋል። ያልተጻፈው ግን ይበዛል፤ አዋቂው ምሥጢሩን ለልጁ እንኳ ሳይነግር ከሞተ አብሮት ይቀበራል። ይህን ዕውቀት መመዝገብ የሚያስመሰግን ሥራ ሲሆን፣ አመዘጋገቡ ሕግን የተከተለ መሆን አለበት። በ2006 የታወጀው ቍጥር 482 አዋጅ የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድና ከሚገኘውም ጥቅም ድርሻ እንዲኖረው ያዝዛል። እንግዳ ሰው ደብዳቤ ይዞ መጥቶ ቅጠልና ሥር ሰብስቦ ለመሄድ በጠየቀ ጊዜ፣ የወረዳው ሹም እንግዳ መቀበል ደግ ነው ብሎ ብቻ ሊያሰናብተው አይገባም፤ ፈቃዱን ማየት ግዴታው ነው።

ጤና አዳምና ዳማከሴ በየጓሮው ስለሚተከሉ በቶሎ የሚጠፉ አይደሉም፤ ስለ እነርሱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የሚያሳስበው ሥሩ የሚፈለገው ነው። ቀበርቾ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል ተክል ሲሆን፣ ለጢስ የሚሸጠው ሥሩ ስለ ሆነ አንድ ሥር በተሸጠ ቍጥር አንድ ተክል ይሞታል። በገበያ ላይ የሥሩን ሽያጭ መከልከል ያስቸግራል፤ ሻጩ ድኻ ነውና። ለሻጮቹ ዘር ሰጥቶ በማሳቸው ዳር እንዲያለሙት ማድረግ ግን ይቻላል።

ኮሶም በእንጨቱ ምክንያት ጠፍቶአል፤ ለቤት ዕቃ የሚወደድ እንጨት ነውና። በ1994 የወጣው ቍጥር 94 የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ነገር ግን ክልከላ ብቻውን ዛፍ አያበቅልም። የየወረዳው የችግኝ ጣቢያዎች ፈጥኖ የሚያድገውንና ለሪፖርት የሚመቸውን ባሕር ዛፍ በብዛት ሲያፈሉ ኮሶ በመዝገባቸው ሳይገባ ይቀራል። በደጋ ወረዳዎች ያሉ ጣቢያዎች በየዓመቱ የኮሶ መደብ ቢያኖሩ፣ በወይና ደጋም የተመረጠው እንዶድ ቅርንጫፉ እየተቆረጠ ቢተከል የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው። በኮሶ ተከላ ጊዜ ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ ያስፈልጋል። ችግኙ ወንድ ይሁን ሴት እስኪያብብ ድረስ አይታወቅም፤ ለዚያም ብዙ ዓመት ይፈጃል። በየደጃፉ አንድ አንድ ችግኝ ማደል ለሥነ ሥርዐት ያምራል፤ ወንዱ ከሴቲቱ ርቆ ከቀረ ግን ዘር አይገኝም። ስለዚህ በአንድ ስፍራ ዐሥርም ዐሥራ አምስትም አቀራርቦ መትከል፣ ባበቡም ጊዜ ሴቶቹን ለይቶ በመዝገብ መጻፍ ይሻላል።