ፓስፖርቱ አለ፣ የምርጫ ካርዱ የለም

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የመምረጥን መብት 18 ዓመት ለሞላው ዜጋ ሁሉ ሲሰጥ የት እንደሚኖር አይጠይቅም። የሚጠይቀው የምርጫ ሕጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት በመራጭነት ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ግድ ነው። ውጭ አገር ያለ ዜጋ ድምፁን የሚያጣው በዚህች ቅድመ ሁኔታ ነው፤ እሷን ለማሻሻል ደግሞ አዋጅ ይበቃል፣ ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም።

የዲያስፖራ ድምፅ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ወደ ዋሽንግተን ይሮጣል። ቦታው ግን እዚያ አይደለም። የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ቢያስገባውም መምረጥና መመረጥን አይፈቅድለትም። የእሱ ጉዳይ የጥምር ዜግነት ጉዳይ ነው። ጅዳ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራው ሴት ግን ዜግነቷ ሙሉ ነው። መንግሥት ከዓረብ አገራት ጋር የሚፈርመው የሥራ ስምሪት ስምምነት ኑሮዋን በቀጥታ ይወስናል፤ በፈራሚው ላይ ግን ድምፅ የላትም።

ነዋሪነትና ድምፅ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በ2013 ዓ.ም. ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ እንዲመርጡ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስኗል። ድንበር ተሻግሮ መምረጥም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሪፈረንደም ከ57 ሺሕ በላይ ሰዎች ድምፃቸውን የሰጡት ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ነው።

እርግጥ ያ ሪፈረንደም አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። ኬንያም በ2013 እ.ኤ.አ. በጎረቤት አገራት ያሉ ዜጎቿን ያስመረጠችው ፕሬዚዳንት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለሆነ፣ መራጩ ቀድሞ በኖረበት የምርጫ ክልል ይቆጠር ከተባለ እያንዳንዱ ኤምባሲ ለ547 የምርጫ ክልሎች የተለያየ የድምፅ መስጫ ወረቀት ማዘጋጀት ይኖርበታል። ሌላው መንገድ የተለየ መቀመጫ መስጠት ነው፤ ፈረንሳይ በውጭ ለሚኖሩ ዜጎቿ 11 መቀመጫ መድባለች። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ግን የምክር ቤቱ መቀመጫ ከ550 እንዳይበልጥ ስለሚል የተረፈው ሦስት ብቻ ነው።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደው የመራጯ ኑሮ ነው። የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ይቆያል። የዕረፍት ቀን ላይኖራት ይችላል፤ ቢኖራትም ቆንስላው ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። በፖስታ ትምረጥ ቢባል ፖስታው የሚደርሰው አሠሪዋ ቤት ነው፤ የድምፁ ምስጢርነት እዚያው ያበቃል። ምዝገባው ከፓስፖርት ሌላ ማስረጃ ካልተቀበለ፣ ድምፅ መስጫውም በአንድ ቀን ብቻ ከተወሰነ፣ ኤምባሲው ደጃፍ የሚሰለፉት ነጋዴዎችና የኤምባሲው ሠራተኞች ይሆናሉ።