ከዳቦ ቤት እስከ ምክር ቤት፦ ቶም ሃርኪንና የአካል ጉዳተኞች ሕግ

ቶም ሃርኪን የአዮዋን ሕዝብ ወክለው በአሜሪካ ኮንግረስ 40 ዓመት ያገለገሉ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰው ናቸው፤ ከ1975 እስከ 1985 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተወካዮች ምክር ቤት፣ ከዚያም እስከ 2015 በሴኔት። ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሳው በአካል ጉዳተኞች መብት ነው፤ ነገሩ የጀመረውም ከገዛ ቤታቸው ነው።

አባታቸው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ፣ እናታቸው ከስሎቬኒያ የመጡ ስደተኛ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ፍራንክ በልጅነቱ ታሞ መስማት ተሳነው፤ ከቤተሰቡም ተለይቶ ካውንስል ብላፍስ ወደሚገኘው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ተላከ። እዚያ ሦስት ሙያ ቀረበለት፦ ጫማ ሠሪነት፣ የማተሚያ ቤት ረዳትነት ወይም ዳቦ ጋጋሪነት። አንዱንም እንደማይፈልግ ሲናገር፣ እንግዲያውስ ጋጋሪ ትሆናለህ ተባለ። ክፋት አልነበረም ይሆናል፤ የዘመኑ ደግነት ከዚያ አያልፍም ነበር። ፍራንክ ግን ከጊዜ በኋላ ዳቦውን ትቶ ደ ሞይን ውስጥ የአውሮፕላን ሞተር ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ገባ። ወንድማማቾቹ ገበያ ሲወጡ፣ ሻጩ ፍራንክ እንደማይሰማ ሲያውቅ የሚፈልገውን ነገር ከእሱ አልፎ ቶምን ይጠይቅ እንደነበር ሃርኪን ያወሳሉ።

ኤዲኤ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የመጀመሪያውን ረቂቅ በ1988 ያቀረቡት ሌሎች ናቸው፤ በመጋቢት 1990 ደግሞ ሰልፈኞች ዊልቸራቸውን ትተው የኮንግረሱን ሕንፃ የካፒቶልን ደረጃ በእጅና በጉልበታቸው ወጥተዋል። በሴኔት ዋናው አቅራቢ ግን ሃርኪን ነበሩ። ሐምሌ 13 ቀን 1990 ሕጉ በ91 ድምፅ በ6 ተቃውሞ ሲያልፍ፣ ወንድማቸው እንዲገባው ንግግራቸውን በምልክት ቋንቋ አደረጉ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ሐምሌ 26 ፈረሙበት። ፍርድ ቤቶች ሕመሙን በመድኃኒት የሚቆጣጠረውን ሰው ከጥበቃው ውጪ እያደረጉ ሕጉን ሲያጠብቡት፣ ይህን ለማረም በ2008 የወጣው ማሻሻያም የእሳቸው እጅ አለበት።

ይህ ሕግ አሜሪካ ያለውን ኢትዮጵያዊ በሁለት በኩል ይነካዋል። 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ቀጣሪ በአካል ጉዳት ምክንያት ማግለል አይችልም። ሆስፒታል ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያወጣውን ገንዘብ ታካሚውን አያስከፍልም። ግዴታው ግን የራስንም ደጃፍ ያንኳኳል፤ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅም ሆነ ምግብ ቤት ለደንበኞቹ ካለበት ግዴታ በሠራተኛው ማነስ አያመልጥም። የታክሲ ሹፌር የሚታጠፍ ዊልቸር የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ስላስገባ ተጨማሪ ሊጠይቅ፣ ወይም ማየት የተሳነውን ሰው መሪ ውሻ መኪናዬ አይገባም ሊል አይችልም። ስለ ውሻ ካለን አስተዳደግ አንጻር ይህኛው ሳይከብድ አይቀርም። አካል ጉዳተኛ ልጅን ጎረቤት እንዳያየው ቤት መደበቅም አብሮ የተሻገረ ልማድ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ለእንዲህ ያለው ልጅ የተለየ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት አለበት፤ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆችም በዕቅዱ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ያቀርባል። ይህ የመጣው ከኤዲኤ ሳይሆን መሠረቱ በ1975 ከተጣለው ከሌላ ሕግ ነው።

ሃርኪን ያልተሳካላቸው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቃዋለች። በታኅሣሥ 2012 የአሜሪካ ሴኔት ሲመክርበት፣ የቀድሞው ሪፐብሊካን ሴናተር ቦብ ዶል በዊልቸር አዳራሹ ድረስ መጥተው ነበር፤ ውጤቱ 61 ለ38 ሆኖ ለማጽደቅ ለሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ 5 ድምፅ ጎደለ። አሜሪካ ስምምነቱን ፈርማለች፤ አላጸደቀችውም።