ሳሎኑ ለማን ነው?

የክረምቱ ዝናም ሲያባራና ሰማዩ ሲጠራ ቤትን ማደስ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ቀናት የገጠሯ እመቤት ጭቃ አቡክታ ግድግዳዋን ትመርጋለች፤ ወለሏን በእበት ትለቀልቃለች፤ የተሸረፈውን መደብ ታስተካክላለች። የከተማዋም ኖራ ታስቀባለች፤ መጋረጃ ታጥባለች፤ ዓመቱን ሙሉ ከአልጋ ሥር የተጠራቀመውን ዕቃ አውጥታ የሚጣለውን ከሚቀመጠው ትለያለች። ዐዲሱን ዓመት በአሮጌ ጥቀርሻ መቀበል ነውር ነውና።

ዛሬ ይኸው ልማድ ዐዲስ ስም አግኝቶ «ዲኮር» ተብሏል። ስሙ ብቻም አይደለም፤ ነገሩም ተለውጧል። ጂፕሰም በልዩ ልዩ ቅርጽ እየተቈረጠ ኮርኒስ ይሆናል፤ በውስጡም ቀለማቸውን የሚለዋውጡ መብራቶች ይደበቁበታል። ግድግዳው እብነ በረድ በሚመስል ሉሕ ወይም በቀጫጭን የእንጨት ርብራብ ይሸፈናል። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚደርስ ሶፋ ወይም የዐረብ መጅሊስ ይዘረጋል፤ መስኮቱም በድርብ መጋረጃ ይጋረዳል። እኛ ይህን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ቤቱን ለማሳመር የሚደክም ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም። ልንጠይቅ የምንወደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብና ድካም የሚፈስበት ሳሎን ለማን ነው? በውስጡ ለሚኖሩት ነውን፥ ወይስ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ብቅ ለሚል እንግዳ?

ሳሎን የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ እንግዳ ነው። በቀድሞው የመኳንንት ግቢ አዳራሽና እልፍኝ የተለያዩ ነበሩ፤ አዳራሹ ግብር የሚበላበትና ሰው የሚሰበሰብበት፥ እልፍኙ ደግሞ ባለቤቶቹ የሚያርፉበት ነበር። በባላገሩ ጎጆ ግን ይህን የመሰለ መለያየት አልነበረም። እሳቱ ለሁሉ ነው፤ እንግዳ በመጣ ጊዜ ከመደቡ ላይ ቦታ ይለቀቅለታል እንጂ ለእርሱ ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የሚቀመጥ ክፍል የለም።

ለእንግዳ የተለየው ክፍል ወደ ብዙ ሰው ቤት የገባው በከተማው የጭቃ ቤት ዘመን ነው። ያ የጥንቱ ሳሎን የብዙ አንባቢዎቻችን አሳዳጊ ስለ ሆነ በፍቅር ብናነሣው አይፈረድብንም። ግድግዳው በጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። አቡጀዲ ተወጥሮ ኮርኒስ ይሆን ነበር። በቡፌው ውስጥ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ተደርድረው ይታዩ ነበር፤ በወንበሮቹ መደገፊያና በራዲዮኑ ላይ የቤቱ ሴት ልጅ በእጅዋ የሠራችው ዳንቴል ይነጠፍ ነበር። ስለ ጋዜጣው አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም፤ መምህር ነንና። ብዙ ሕፃን ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ የዓለማዊውን ጽሑፍ ንባብ ያቀላጠፈው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ለጣፊው ማንበብ የማይችል ሆኖ ጋዜጣውን የገለበጠው እንደ ሆነም ልጁ አንገቱን ዘቅዝቆ ያነብ ነበር።

ሆኖም ያ ሳሎን ልጆች «እንዳትገቡ!» የሚባሉበት ክፍል ነበር። ቤተ ሰቡ የሚበላውና የሚጫወተው በማድ ቤቱ ወይም በጓዳው ሲሆን፥ ሳሎኑ ዳንቴሉን ለብሶ እንግዳ ይጠብቅ ነበር። ግቢ ባለበት ዘመን ይህ ብዙ አይጐዳም ነበር። ልጆች ደጅ ይጫወታሉ፤ ሽማግሌው ከአጥር ሥር ፀሓይ ይሞቃል፤ ቡናው ከበረንዳው ላይ ይፈላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ በአዲስ አበባ በተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ውስጥ ግን ለየቤቱ የተለየ ጓሮ የለም፤ ዐጥርም የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተ ሰብ ሳሎኑ ግቢውም፥ በረንዳውም፥ የጥናት ክፍሉም ነው። እርሱን ለእንግዳ ብቻ አስጊጦ ማስቀመጥ የቤቱን ግማሽ ኪራይ ለወንበሮች መክፈል ማለት ነው።

የቤት ጌጥና የቤት ኑሮ ሳይጣሉ አብረው የኖሩበትን ምሳሌ ለማየት ወደ ሐረር መሄድ ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት በመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚገኘው የሐረሪዎች ቤት ዋና ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። በአሠራሩ ለወንበር የታሰበ አይደለም፤ ከፍና ዝቅ እያሉ የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ፤ እነርሱም ነደባ ይባላሉ። አባወራው የሚቀመጥበት አሚር ነደባ ነው፤ ለሌላውም እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ቦታ ተለይቶለታል፤ ከበሩ ኋላ የሚቀመጠው ታናሽ እንኳ ሳይቀር የራሱ መደብ አለው። መደቦቹና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ግድግዳው ነጭ ነው። በነጩም ላይ ሴቶቹ የሰፏቸው ባለ ብዙ ቀለም ስፌቶች፥ የእንጨት ገበቴዎችና ሳሕኖች ተሰቅለው ይታያሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ምንጣፍ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖርዋን ይናገራል ይባላል።

ይህን ማንሣታችን የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነደባ ይሥራ ለማለት አይደለም። ያ ቤት እንዲህ ያማረው ግን ከቤቱ ሰው መካከል ቦታ ያላገኘ ስለሌለና፥ ጌጡም አብዛኛው ከቤቱ ሴቶች እጅ የወጣ ስለ ሆነ ነው። ዲኮር ሠሪ ቢመጣ የሚጨምርበትን ነገር ፈልጎ ይቸገራል።

አሁን ደግሞ የምናውቀውን አንድ ቤት እናንሣ። ባልና ሚስት፥ ሦስት ልጆችና የባልየው እናት ሁለት መኝታ ቤት ባለው መኖሪያ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ዕቁባቸው በደረሰ ጊዜ አሮጌዎቹን ወንበሮች አስወግደው የዐረብ መጅሊስ አስገቡ። እውነቱን ለመናገር ሥራው እጅግ ያማረ ነበር፤ የትራሶቹ ቀለም ከመጋረጃው፥ መጋረጃው ከምንጣፉ ጋር ተስማምቷል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን እማሆይ — አያቲቱን ልጆቹ እንዲህ ነው የሚጠሯቸው — ሳሎን መውጣት ተዉ። ቡናቸውን በመኝታ ቤት ይጠጣሉ፤ ምሳቸውም ወደዚያው ይገባላቸዋል። ምራታቸው ቅር የተሰኙባት መሰላትና ተጨነቀች፤ ልጃቸው ደግሞ ጸሎት አብዝተው ነው አለ። ነገሩን የፈታችው የሰባት ዓመት ልጅ ናት። «እማሆይ እኮ መቀመጫ የላቸውም» አለች። እውነትም መጅሊሱ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቢሆን ነው፤ የታመመ ጕልበት ያለው ሰው ወርዶ ቢቀመጥ እንኳ ያለ ደጋፊ አይነሣም። አሮጊቷም «አንሡኝ» እያሉ ሰው ማስቸገሩን ስለ ጠሉ ዝም ብለው ገለል አሉ።

ክንድ ማሳረፊያ ያለው የቀድሞ የእንጨት ወንበራቸው ከሕንጻው ዘበኛ ዘንድ ተገኘ። ለዘበኛው ሌላ ተገዝቶለት የእማሆይ ወንበር ተመለሰና በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከመጅሊሱ ጋር በቀለምም በቅርጽም አይስማማም። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው ብላ ምራታቸው ትሥቃለች፤ ግን አላነሣችውም።

ስለዚህ ቤቱን ለማደስ ያሰበ አባወራ ወይም እማወራ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ምሽት በራሱ ቤት ተቀምጦ ይመልከት እንላለን። ልጁ የቤት ሥራውን የሚሠራው የት ነው? በአልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ከሆነ ከጂፕሰሙ በፊት አንዲት ጠረጴዛ ያስፈልጋል። እናቲቱ እግርዋን የምታሳርፍበት ቦታ አለ? በር ሲከፈት ከሶፋው ጋር ይጋጫል? ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይገዛ ዕቃውን ከቦታ ቦታ በማዛወር ብቻ፥ ከዚያም ይልቅ ግማሹን በማስወጣት፥ ቤቱ እንደ ዐዲስ ይሆናል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለ ሆነ ምክር የሚሰጥበት ሰው ጥቂት ነው።

በኦርቶዶክሳውያን ቤት ደግሞ አንድ ግድግዳ አስቀድሞ የተያዘ ነው፤ ሥዕለ አድኅኖ የሚሰቀልበትና ቤተ ሰቡ ለጸሎት የሚቆምበት የምሥራቁ ወገን ማለታችን ነው። አሁን አሁን ዲኮር ሠሪው ሰፊውንና ያማረውን ግድግዳ ለቴሌቪዥን ሲመርጥ ሥዕሉ ወደ ኮሪደር ሲሰደድ እናያለን። ቴሌቪዥኑ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሰቀል ሥራውን ይሠራልና መጀመሪያ ምሥራቁ የት እንደ ሆነ ለሠራተኛው ማሳየት ይበቃል።

ብርሃንም ከዕቃ ሁሉ ርካሽ የሆነ ጌጥ ነው። ከባዱ የከፋይ መጋረጃ ቀን በቀን ተዘግቶ ሲውል በጠራራ ፀሓይ መብራት የሚበራበት ቤት ብዙ ነው። ለሌሊቱም ቢሆን አምፑል ስንገዛ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቍጥር እናንብብ። 6500 ኬልቪን የሚለው እንደ ሱቅና እንደ ሐኪም ቤት ያለ ነጣ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ከ2700 እስከ 3000 የሚለው ግን ወደ ቢጫ የሚያደላና እንደ ኵራዝና እንደ ሻማ ዐይንን የሚያሳርፍ ነው። በዋጋ ብዙ አይለያዩም። ብዙ ሺህ ብር የወጣበትን ሳሎን የሐኪም ቤት መጠበቂያ አስመስሎ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ይህቺ ቍጥር ናት።

የሰፌድና የመሶብ በግድግዳ መሰቀል እንደ ዐዲስ ፋሽን ሲነገር ስንሰማ ፈገግ እንላለን። ይሁን፤ ደስ ይለናል። ብቻ የስንደዶና የአክርማ ቀለም በቀጥታ ፀሓይ ይለቃል፤ በእርጥብ ግድግዳ ላይም ይሻግታል። በየጊዜው እያወረዱ እንጀራ ቢያቀርቡበት የበለጠ ያምርበታል።

ስለ ግድግዳው ግን ረዘም አድርገን መናገር አለብን፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለምና። በጭቃ ቤት የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ግድግዳቸውን በሲሚንቶ ሲያስመርጉና በላዩ የሚያብረቀርቅ ቀለም ሲያስቀቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምርጊቱ ከነቀለሙ ተገንጥሎ ይወድቃል። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ መልሶም ይተነፍሳል፤ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል። ሲሚንቶው ከእርሱ ጋር አይሄድም፤ የሚያብረቀርቀውም ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል፤ ሻጋታንም ይከላከላል። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሦስት ጊዜ አቅጥኖ መቀባት ይሻላል። ዐይንና ቈዳ ስለሚያቃጥል ቀቢው ይጠንቀቅ፤ ልጆችም አይቅረቡ።

የዘይት ቀለም ደግሞ ሌላ ሥጋት አለው። ሊድ የሚባለው የእርሳስ ማዕድን ለድምቀትና ቶሎ ለመድረቅ ሲባል በቀለም ውስጥ ይጨመር ነበር፤ ይህም ማዕድን ወደ ሕፃን ሰውነት ሲገባ አእምሮውን ይጐዳል፤ የተጐዳውም አይመለስም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በአገራችን የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ሻጩን «ሊድ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ የማንም ገዢ መብት ነው። ደንቡ ግን ቀደም ሲል በበርና በመስኮት ላይ የተቀባውን አሮጌ ቀለም አላነሣውም። ሠራተኛው ያን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ብናኙ በምንጣፉ፥ በአልጋውና በሚድኸው ሕፃን መዳፍ ላይ ያርፋል። የቤቱ ባለቤት ግድግዳውና በሩ በውሃ እየራሰ እንዲፋቅ ይዘዝ፤ ዕቃው በላስቲክ ይሸፈን፤ ብናኙም በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃናት ሥራው እስኪያልቅና ቤቱ ታጥቦ መስኮቱ ተከፍቶ እስኪናፈስ ድረስ ከዘመድ ቤት ቢያድሩ መልካም ነው።