የተሰረዘው የሙዚቃ ጉዞ ዕዳ የማን ነው?

ሰውን ከደረሰበት መከራ ይልቅ ይደርስብኛል ብሎ የሚጠብቀው መከራ አብዝቶ ያስጨንቀዋል። ቁርጡን ያወቀ ሰው ቢያዝንም ይጽናናል፤ ቁርጡን ያላወቀ ግን ሥራም አይዝ፥ ዕረፍትም አያገኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና በሽታ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ፥ ከአገር ወደ አገር እየዞሩ ሙዚቃ የሚያሰሙ ሰዎች የደረሰባቸው ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን 2020 በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። ሳምንት እንደ ሆነ 50ኛ ዓመቱን ሊያከብር የተዘጋጀው የእንግሊዝ አገሩ የግላስተንበሪ የሙዚቃ በዓል ተሰረዘ። ለሚቀጥለው ዓመት ተብሎ ተስፋ ቢደረግም በጃንዋሪ 2021 ዳግመኛ ተሰረዘ፤ ሕዝቡ በሜዳው የተሰበሰበው በ2022 ነው። ዝነኛው ዘፋኝ ኤልተን ጆንም በ2018 የጀመረውን የመሰናበቻ ጉዞ በ2020 አቋረጠ። በጃንዋሪ 2022 ቢቀጥልም፥ ወዲያው ራሱ በበሽታው ተይዞ በዳላስ ከተማ ያሰባቸውን ሁለት ምሽቶች ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ። ጉዞውን የፈጸመው በጁላይ 2023 በስቶክሆልም ነው።

እንዲህ ያለው ዝነኛ ሰው ግን መጠበቅ ይችላል። መድረክ የሚያቆመው፥ መብራት የሚሰቅለው፥ ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክለውና ጭነት መኪና የሚነዳውስ? ከእነዚህ ብዙዎቹ የወር ደመወዝ የሌላቸው፥ በሠሩበት ቀን ብቻ የሚከፈላቸው ናቸው። ጉዞው «ተላልፏል» በተባለ ቁጥር ሌላ ሥራ ልፈልግ ወይስ ልጠብቅ እያሉ ይጨነቃሉ።

«ሰው እየሞተ ስለ ዘፈን ማውራት ነውር ነው» የሚሉ አሉ። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ዝግጅት በወረርሽኝ ጊዜ መቆሙ ተገቢ መሆኑን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ለሁሉም ጤና ሲባል ሥራው የቆመበትን ሰው ኪሣራውን ብቻህን ተሸከም ማለት ፍርድ አይደለም። ጉዳቱም በእርሱ ብቻ አይቀርም፤ ትኩሳት የተሰማው ሠራተኛ «ብናገር እንጀራዬ ይቀራል» ብሎ በሽታውን ቢደብቅ፥ ለብዙዎች ያስተላልፋል።

ወረርሽኙ ከተነሣ በኋላ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ኮሮናን ከውላቸው ስላወጡት፥ አዘጋጆች በራሳቸው ገንዘብ ለመድፈር ፈሩ። በ2021 የጀርመን መንግሥት ለባህል ዝግጅቶች 2.5 ቢሊዮን ዩሮ መደበ፤ ከዚሁም የተሰረዙ ዝግጅቶች ኪሣራ በከፊል እንዲሸፈን አደረገ። የእንግሊዝ መንግሥትም በኦገስት 2021 የ750 ሚሊዮን ፓውንድ የኢንሹራንስ ዕቅድ አስታወቀ። ዳሩ ግን የእንግሊዙ ዕቅድ በመንግሥት ትእዛዝ ለተሰረዘ ዝግጅት እንጂ ዘፋኙ ታሞ ለቀረበት የሚከፍል አልነበረም፤ የመጣውም ሁለተኛው በጋ ሊያልቅ ሲል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በበኩሌ የምለው እንዲህ ነው። በሽታው መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ በመጣ ጊዜ ግን ኪሣራውን ማን ምን ያህል እንደሚሸከም አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። መንግሥት፥ አዘጋጅና ኢንሹራንስ ድርሻቸውን በደኅናው ቀን በውል ይጻፉ፤ የጭነት ተሸካሚው ስምም ከዘፋኙ ስም ጋር በውሉ ይግባ። እኛም የዛሬ ተማሪዎች ነገ ሐኪም፥ ነጋዴና ሕግ አውጪ ስንሆን ይህን እናስብ። ጣራ የሚጠገነው ዝናም ሳይመጣ ነው።